የዝናሽ ተራ

ሐመልማል ቁርሷን እየበላች አሥራ ሁለት ሰዎችን ጨረቃ ላይ አቁማ በጨረር ደበደበቻቸው። ሰዎቹ በኮምፒውተሯ ውስጥ የሚኖሩ “አምሳለ ሰዎች” ናቸው፤ እሷ ካለችበት የጨረቃ ጣቢያ ወደ ውጭ እየወጣ የሚሠራው የእያንዳንዱ ሠራተኛ ቁመት፣ አጥንትና ደም በቁጥር የተቀረጸባቸው። ፕሮግራሙ በመውጫ መዝገቡ መሠረት ሲወጡና ሲገቡ ይከተላቸውና በስድስት ወር ስንት ጨረር ወደ ሰውነታቸው እንደገባ ያሰላል። ስሌቱ ሠራተኛው ደረቱ ላይ ከሚያንጠለጥለው ጨረር ቆጣሪ ጋር ልዩነቱ ከመቶ አምስት ሳያልፍ ከገጠመ፣ በሁለት ዓመት አንዴ የሚከፈተው የጨረር ፊዚክስ የዶክትሬት ቦታ የእሷ ይሆናል።

አሥሩ ገጠሙ። ሁለቱ እምቢ አሉ። ስሌቱን ስትሞክር ይህ ሰባተኛዋ ነው።

ማንኪያውን ወረወረችው። እሱም እንደ ጨረቃ ወግ እየተንሳፈፈ ቀስ ብሎ ወረደ። በወጉ መናደድ እንኳ የማይቻልበት አገር!

የሽማግሌው በያጅ የጋሽ ዳምጠው ቆጣሪ ከስሌቷ እጥፍ ያህል ያሳያል። የፀሐይ ሰሌዳ ጠጋኟ የዝናሽ ደግሞ ግማሹን አይሞላም። ሐመልማል ኮዱን መስመር በመስመር ስትፈትሽ ሦስት ሳምንት ሆኗታል። በመጨረሻ ተስፋ ቆርጣ የሁለቱን ቁጥሮች ደመረቻቸው። የስሌቱ ድምርና የቆጣሪዎቹ ድምር እኩል መጣ።

በቀጥታ ወደ ብየዳ ክፍል ሄደች።

“ጋሽ ዳምጠው፣ በዝናሽ ተራ ውጭ የሚወጡት እርስዎ ነዎት?”

ሽማግሌው የብየዳ መነጽራቸውን አወለቁ። “ሁለቴ አስወርዷታል። የውስጥ ሥራ ስጡኝ ብላ አለቆቹን ብትለምን ‘ከጨረር ገደቡ በታች ነሽ’ አሏት። እኔ ወልጄ ጨርሻለሁ፣ ልጄ።”

“ታዲያ የእሷን ቆጣሪ ቢያደርጉ ምን ነበረበት? ስሌቴ ይገጥም ነበር እኮ!”

“ጨረሩ የገባው እኔ ውስጥ ነው። ቆጣሪው ምን በወጣው ይዋሽ?” ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። “ይህን ካወራሽው ግን ሁለታችንንም ያባርሩናል።”

የማመልከቻው ቀነ ገደብ የዚያኑ ዕለት ነበር። የመራጮቹ ሰብሳቢ ፕሮፌሰር ወንድይፍራው ከምድር ደወሉላት።

“ሁለቱን ቆጣሪዎች ‘ብልሹ’ ብለሽ ሰርዣቸው። ሁሉም እንደዚያ ነው የሚያደርገው። ቦታው ያንቺ ነው።”

ጣቷ ቁልፉ ላይ ደረሰ። ከተሰረዘ ግን የሽማግሌው ጨረርም አብሮ ይሰረዛል። በወረቀት ላይ ምንም ያልነካው ሰው ይሆናሉ፤ ነገም መልሰው ያወጧቸዋል።

“አልሰርዝም፣ ፕሮፌሰር።”

“እንግዲያው ምክንያቱን አስረጂ።”

“እሱንም አልችልም።”

ድምፅ ምድር ደርሶ እስኪመለስ ያለው ጥቂት ሰከንድ አለፈ።

“ግትር ነሽ!” አሉና ዘጉት።

ቦታው ለሌላ ሰው ተሰጠ። ጋሽ ዳምጠው የጨረር ገደባቸውን ስለጨረሱ ውጭ እንዳይወጡ ታገዱ። ሐመልማል በሠራችው አልኮራችም፤ በሽማግሌውም፣ በዝናሽም፣ በራሷም ተናድዳ ክፍሏ ገብታ አለቀሰች።

ከወር በኋላ የዚያን ወር ስሌት ሠርታ ለፕሮፌሰር ወንድይፍራው ላከች። መልሱ ወዲያው መጣ፤ “በፊት የማይገጥምልሽ ሁለት ሰው ነበር፤ አሁን አሥራ አንድ ሆነ። ኮድሽ ብሶበታል” ይላል።

እውነት ነው። የዝናሽ ቁጥር እንደ ወትሮው ወርዷል። የአሥሩ ሠራተኞች ግን ትንሽ ትንሽ ከፍ ብሏል፤ የአንዱ ስድስት፣ የሌላው ስምንት ከመቶ። ደመረችው። ከዝናሽ ከጎደለው ጋር እኩል ነው። የትኛውም አምሳለ ሰው በሌላው ተራ አይወጣም፤ እንዲህ ያለውን ነገር በኮድ የጻፈ ሰው የለም።

ወደ ብየዳ ክፍል ሄደች።

“ጋሽ ዳምጠው፣ የሐሙሱን የዝናሽን ተራ ማን ያዘው?”

“እስካሁን ማንም አልያዘውም።”

ሐመልማል የገዛ ራሷን ቆጣሪ ደረቷ ላይ አስተካከለች።

“እኔ እወጣለሁ” አለች፣ ንዴቷ ገና ሳይበርድላት።