ስልሳ አንደኛው ኪሎ ሜትር ላይ ያበጠው መንገድ

የአፋርን በረሃ አቋርጦ ወደብ የሚደርሰው መንገድ በዓመት ግማሽ ሚሊ ሜትር ያድጋል፤ ይህን ያህል ማደጉ ማንንም አያስደንቅም። ኢንጂነር ትርሲት ከወደቡ የዓሣ ፋብሪካዎች የሚጣለውን ዛጎል አስፈጭታ፣ ዛጎል ከሚሠሩ ረቂቅ ተሕዋስያን ጋር አስፋልት ውስጥ የቀላቀለችው ቅይጥ «ዛጎሌት» ይባላል። ክብደት ሲጫነው እያደገ ስንጥቁን ራሱ ይደፍናል፤ ይጠነክራል።

ስልሳ አንደኛው ኪሎ ሜትር ላይ ግን አብጧል። ትርሲት መለኪያዋን አስፋልቱ ላይ አጋደመች። አርባ አንድ ሚሊ ሜትር። ምክንያቱ እስከ ማታ ካልታወቀ መቶ ሃያው ኪሎ ሜትር በሙሉ ይነሣል ተብላለች፤ የዘጠኝ ዓመት ሥራዋም አብሮ።

«ግመል ተኝቶበት ይሆናል» አሉ የመንገዱ ጠባቂ ጋሽ ሐመዱ። ቀድሞ በዚሁ መስመር የከባድ መኪና ሹፌር ነበሩ።

«መንገዱ ከተከፈተ ገና ስድስት ዓመቱ ነው፤ ግመል በዚህ ጊዜ ይህን ያህል አያሳብጥም፣ ጋሼ።»

«የኔን ግመል አላየሽማ!»

ትርሲት ናሙና ቆፍራ አወጣች። እንደ ዛጎል ንብርብር ነበር፤ ለየቀኑ አንድ ስስ ድርብ፣ ሁሉም እኩል። በየቀኑ አንድ ከባድ ነገር እዚህ ቆሟል ማለት ነው። የሚያልፉት ግን ሹፌር አልባ መኪኖች ብቻ ናቸው፤ ቁሙ ያላቸው የለም።

አምስት ሰዓት ላይ ከግራም ከቀኝም አንድ አንድ መኪና መጣ። ቀስ አሉ። ጎን ለጎን ቆሙ። ትርሲት የሚለዋወጡትን መልእክት በታብሌቷ ከፈተች።

«አሥራ ሰባተኛው ላይ አሸዋ አለ።»

«ሰማንያ ስምንተኛው ላይ ግልገሏን ያስከተለች ግመል ታቋርጣለች።»

ጋሽ ሐመዱ ጭናቸውን መቱ። «ዳጉ ነዋ!»

ዳጉ አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ቆመው ወሬ የሚለዋወጡበት ወግ ነው። መኪኖቹ መንዳት የተማሩት ከነጋሽ ሐመዱ አነዳድ ነበር፤ የትኛው መንዳት፣ የትኛው ወግ እንደሆነ ግን የነገራቸው የለም። ከሁለቱም ጫፍ በተመሳሳይ ሰዓት ስለሚነሡ ሁልጊዜ የሚገናኙት እዚሁ ነው።

«ወሬው በአሥር ደቂቃ አለቀ» አለች ትርሲት። «አምስት ደቂቃ ግን ዝም ብለው ቆሙ። ይሄስ?»

«ሻይ ነው» አሉ ጋሽ ሐመዱ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። «ያኔ ከማዶ የሚመጣው ሹፌር ያዮ ነበር። ከፔርሙዜ እቀዳለት ነበር። ካረፈ አራት ዓመቱ።»

«መቆሙ ይሰረዝ» ብትል ዛጎሌት ነፃ ይወጣል። ጻፈችው። ከዚያ የስድስት ዓመቱን የአደጋ መዝገብ አየች፤ ባዶ ነው፤ ከአደጋ የጠበቃቸው ወሬው ነው። የጻፈችውን አጠፋችና እንደገና ጀመረች።

«የሁለቱ ጫፎች መነሻ ሰዓት በየቀኑ የተለያየ ይሁን። መገናኛቸው በመንገዱ ሁሉ ይዘዋወራል፤ መንገዱም እኩል ይጠነክራል። መቆሙ ይቀጥል፦ አሥር...»

እጇን ገታች። የአምስቷን ደቂቃ ጥቅም ፈለገች፤ አላገኘችም። «አሥራ አምስት ደቂቃ» ብላ ጻፈችና እብጠቱ ላይ ከጋሽ ሐመዱ አጠገብ ተቀመጠች።

«የያዮ ስኳር ስንት ማንኪያ ነበር፣ ጋሼ?»

«አራት። እሱም አነሰኝ ይል ነበር።»