የተሸለመ እብጠት

በ፲፱፻፸፯ ዓ.ም. መስከረም ሁለት ቀን ጠዋት ጂንካ ከመሐሏ የተዘረጋውን የአውሮፕላን ሜዳ ከከብት ለማጽዳት የሦስት ቀበሌ ሕዝብ አሰልፋ ነበር። የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ነውና ከአርባ ምንጭ የክብር እንግዳ ይመጣል፤ ላሞቹ ግን ስለ በዓሉ የነገራቸው ስላልነበረ፣ ከወዲህ ሲባረሩ ከወዲያ እየገቡ ለምለሙን ሣር ይነጩ ነበር።

ጤና ረዳት ጎሳዬ በሜዳው ዳር፣ በባንዲራ ካሸበረቀ የጭነት መኪና አጠገብ ቆሟል። ከተማው “ዶክተር” ይለዋል፤ እርሱም ማረም ከተወ ዓመታት አልፈዋል። ከመኪናው ላይ በወንበር የተቀመጠችው የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ዘሪቱ ትባላለች፤ የአሪ ተወላጅ፣ የእንሰት ገበሬው የዶላሞ ሚስት ናት። ከደረቷ ላይ “ጤናማ እናት፣ የአብዮቱ ፍሬ” የሚል ጽሑፍ ተንጠልጥሏል።

የተመረጠችው እንዲህ ነው። በሰሜን ረኃብ ሕዝብ እየጨረሰ፣ በዓሉ እንዳይደበዝዝ ወሬው በሹክሹክታ ብቻ በሚነገርበት በዚያ ወራት፣ የበዓሉ ኮሚቴ ሰብሳቢ ጓድ ንጉሤ ደቡቡ መጥገቡን ለእንግዳው ለማሳየት ቆረጡ፤ የቀበሌውንም ነፍሰ ጡሮች በነጋዴው በአብደላ የቡና ሚዛን፣ በስምንት ቀን ልዩነት ሁለት ጊዜ አስመዘኑ። ይበልጥ የጨመረችው ትሸለማለች። ዘሪቱ በስምንት ቀን አምስት ኪሎ ጨምራ ተገኘች፤ ሴቶቹ እልል አሉ። አብደላም “እኔ ቡናዬ ላይ ውሃ ባርከፈክፍ እንኳ እንዲህ አይጨምርልኝም” ብሎ ሰዉን አሳቀ። ቁጥሩን አንብቦ ያሰማው፣ እጇን የጨበጠው፣ ጤነኛ ናት ብሎም የፈረመው ጎሳዬ ነበር። ከአብደላ ቀልድ ጋርም አብሮ ስቋል።

“ዶክተር” አለች ዘሪቱ ከመኪናው ላይ ጎንበስ ብላ፤ “ግንባሬን ይቀጠቅጠኛል። ዓይኔ ላይም እሳት ብልጭ ብልጭ ይላል። ልውረድ?”

“ከመቼ ጀምሮ ነው?”

“ከትናንት ወዲያ። ለዶላሞ ብነግረው፣ ሽልማቱ ነው ያዞረሽ አለኝ።”

ጎሳዬ ቀና ብሎ ፊቷን አየ። ዓይኖቿ በሊጥ ላይ በጣት የተወጉ ቀዳዳዎች መስለዋል። አውራ ጣቱን ቅልጥሟ ላይ ጫን አድርጎ ቢያነሳው ጉድጓዱ እንደ ተቀረጸ ቀረ። ያን ጊዜ፣ ተማሪ ሳለ በቀይ ያሰመረበት የደብተር ገጽ በዓይነ ኅሊናው ተገለጠ፤ ድንገተኛ እብጠት፣ ራስ ምታት፣ የዓይን ብልጭታ፣ ከዚያም መንቀጥቀጥ። የአብደላ የቡናና የውሃ ቀልድም ትዝ አለው፤ አምስቱ ኪሎ ውሃ ነበር።

የጤና ጣቢያው ብቸኛ የደም ግፊት መለኪያ ግን “የአብዮቱ የጤና ድሎች” ተብሎ በኤግዚቢሽኑ ድንኳን፣ በመስተዋት ሣጥን ተቆልፎበታል።

“ጓድ ንጉሤ፣ የሣጥኑን ቁልፍ ይስጡኝ። ሴትየዋ ታማለች።”

“የቷ? ያቺ?” ጓድ ንጉሤ ወደ መኪናው አይተው ሳቁ። “እርሷ ከታመመች እኔና እርስዎ ሞተናል ይበሉኛ። ለመሆኑ ጤነኛ ናት ብሎ የፈረመው ማን ነው?”

“እኔ ነኝ።”

“እንግዲያው ፊርማዎን ያክብሩ። እንግዳው መርቀው ይክፈቱት፤ ከዚያ ወዲያ እስኪበቃዎ ይለኩ።”

ጎሳዬ ቁልፉን ሳያገኝ ወደ መኪናው ተመለሰ። ዘሪቱንም “ትንሽ ታገሺ” አላት።

አውሮፕላኑ ሣሩ ላይ አርፎ፣ እንግዳው ወርደው፣ የሙዚቃ ጓዱ ጥሩንባውን እንደ ጀመረ ዘሪቱ ደርቃ ከወንበሯ ወደቀች። ምላሷን ነክሳ አረፋው ቀላ፤ ጽሑፉ አንገቷ ላይ እንዳለ መላ አካሏ ይንፈራገጥ ጀመር። በሩቅ የቆመው ሕዝብ የትርኢቱ ክፍል መስሎት አጨበጨበ።

ጎሳዬ ወደ ድንኳኑ ሮጦ መስተዋቱን በክርኑ ሰበረ። መለኪያውን ይዞ ተመልሶ የደም ግፊቷን ሲለካ ሁለት መቶ ዐሥር በመቶ ሠላሳ ሆነ፤ ከጤነኛ ሰው እጥፍ ሊሆን ጥቂት የቀረው። ከመስተዋት ሣጥኑ ባመጣው ማስታገሻ ወጋት፤ ደም በነከረው እጅጌም አውሮፕላን አብራሪው ፊት ቆመ።

“አሁኑኑ አርባ ምንጭ ካልደረሰች እርሷም ልጇም ይሞታሉ።”

አብራሪው ሜዳውን አየ፤ ጭብጨባውን ሰምቶ ሰዉ ተጠራርቶ ሲገባ ላሞቹም አብረው ገብተዋል። “ላሞቹን አስወጡልኝ” አለ።

ከሰዉ መሐል የቆመው ባሏ ዶላሞ ከዚያ ሁሉ ንግግር የሰማው ይህንን ብቻ ነበር። ሰው ሁሉ ፈዞ በቆመበት፣ ነጠላውን ጥሎ ብቻውን በሜዳው ወዲያና ወዲህ እየሮጠ ከብቱን ነዳ፤ አውሮፕላኑም ዘሪቱን ይዞ ተነሣ።

አርባ ምንጭ ሆስፒታል በቀዶ ጥገና የወጣችው ሴት ልጅ አንድ ኪሎ ተኩል አልሞላችም፤ ሁለት ቀን ኖረች። ዘሪቱ ዳነች፤ በወሩ ውሃው ሁሉ ከላይዋ ወርዶ ተመለሰች። የገበያ ሴቶች እያዩ ከንፈራቸውን መጠጡላት።

“ምነው እንዲህ ከሳሽ፣ ዘሪቱ? በደኅናሽ ጊዜ እንዴት ያለ ሰውነት ነበረሽ።”

“በደኅናዬ ጊዜ እየሞትኩ ነበር” አለቻቸው።

ጎሳዬ ከዚያ ወዲህ መለኪያውን ከትከሻው ሳያወርድ ገበያም ለቅሶም ይሄድ ነበር፤ “ዶክተር” ያለውንም “ጤና ረዳት” እያለ ያርም ጀመር። የኮሚቴው ሪፖርት ግን በዓሉ ያለ አንዳች እንከን መከበሩን ገለጸ፤ ዘሪቱ መኪናው ላይ ሳለች የተነሳችው ፎቶግራፍም “ጤናማ እናት” ተብሎ በቀበሌው ቢሮ ግድግዳ ሰባት ዓመት ያህል ተሰቀለ።

በግንቦት ፲፱፻፹፫ የደርግ መንግሥት ሲወድቅ የቢሮው ሥዕሎች ሁሉ ወደ ጭቃው ተወረወሩ። ጎሳዬ ከመካከላቸው አንዱን አንሥቶ በመዳፉ ጠረገው፤ ከጀርባውም እንዲህ ሲል ጻፈ፦ “ዘሪቱ። ሁለት መቶ ዐሥር በመቶ ሠላሳ። ልጇ ሴት ነበረች፤ ሁለት ቀን ኖረች። ጤነኛ ናት ብዬ የፈረምኩት እኔ ነኝ።”

የዚያን በዓል ታሪክ የሚጽፍ ሰው ቢመጣ የሰልፉን ርዝመትና የንግግሩን ቃል ሳይጎድል ያገኛል፤ ስም እንኳ ሳይወጣላት ያለፈችው ልጅ ግን ከዚያ ፎቶግራፍ ጀርባ በቀር የተጻፈችበት ቦታ የለም።