ስም የሌለው አረንጓዴ ነጥብ

ባታምኑኝ አልፈርድባችሁም። እኔም ከሌላ ሰው ብሰማው "ድካም ነው" ብዬ አልፈው ነበር።

ግን ሆኗል። የሆነውም በጨለማ አይደለም... ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ ፀሐይ ቤቱን ሞልታው ሳለ ነው።

የደረሰባት ታላቅ እህቴ ናት። ሥራዋ ፕሮግራም መጻፍ ነው፤ እናታችን አልጋ ላይ ከዋለች ወዲህ ከቤት ሆና ትሠራለች። ሳሎን ውስጥ እሷና ላፕቶፗ፣ ከግድግዳው ወዲያ እማዬ።

እማዬ ትስላለች። ቀን ትስላለች፣ ሌሊት ትስላለች። እህቴ በሳሉ መሃል ትጽፋለች፣ በሳሉ መሃል ትበላለች። እንቅልፍ የሚባል ነገር ከዓይኗ ከራቀ ሰንብቷል።

ያን ቀን ኮድ የምትጽፍበት ፕሮግራም ተንቀራፈፈባት። እዚያው ውስጥ የኤአይ ረዳት አለ። ረዳቱ ፋይል ለመክፈት፣ መረጃ ለመፈለግ፣ መልእክት ለመላክ ሰርቨር ከሚባሉ ሌሎች ኮምፒውተሮች ጋር በየመስመሩ ይገናኛል። ከተገናኘው መስመር ስም አጠገብ አረንጓዴ ነጥብ ይበራል፤ ሲቋረጥ ቀይ ይሆናል።

የማያስፈልጓትን አንድ በአንድ ታቋርጥ ጀመር።

ከታች አንድ ቀረ። ስም የለውም... ነጥብ ብቻ።

የሥራ ባልደረባዋ ከፍቶ የረሳው መሰላት። አቋረጠችው።

ሳሉ ቆመ።

መጀመሪያ እፎይ አለች። ይህን ስትነግረኝ አንገቷን ደፍታ ነው።

ግን ዝምታው ደስ አይልም። ሳሉ አልቆ የመጣ ዝምታ አይደለም... መሃሉ ላይ የተቆረጠ ነው።

ተነስታ ሄደች።

እማዬ ትራሷን ተደግፋለች። ዓይኗ ተከፍቷል። መሀረቧን ወደ አፏ ልታደርስ እጇን አንስታለች... እጇ አልደረሰም። አልወረደምም።

"እማዬ..."

ጉንጯን ዳሰሰቻት። ይሞቃል። ትንፋሽ ግን የለም።

ስልኳ ላፕቶፑ አጠገብ ነበር። ሮጣ ልታነሳው ስትል ዓይኗ ቀዩ ነጥብ ላይ አረፈ። ለምን እንደተጫነችው እስከ ዛሬ አታውቅም።

አረንጓዴ ሆነ።

ከወዲያኛው ክፍል ሳሉ መጣ። የቀረው ግማሽ።

"እስቲ ውሃ አቀብይኝ ልጄ" አለች እማዬ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ።

እህቴ ባልደረባዋ ጋ ደውላ ስለዚያ መስመር ጠየቀችው። እሱ ጋ እንዲህ ያለ ነገር የለም። እስቲ ትንሽ ተኚ ብሏት እየሳቀ ዘጋው።

እሷስ መች ጠላች።

ከዚያ ወዲህ ላፕቶፑ ተዘግቶ አያውቅም። ቻርጀሩ አይነቀልም። መብራት ብልጭ ድርግም ባለ ቁጥር ልቧ ቀጥ ይላል። ሳሉም ሥራውም እንደቀጠለ ነው፤ እሷ ግን ከስታ ጥላ መስላለች።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ደወለችልኝ። በሹክሹክታ ነበር የምታወራው።

"አንድ ነገር ልንገርህ... እንዳትቀየመኝ።"

"ምን?"

"ለአንድ ሰዓት ባቋርጣትስ? ለአንድ ሰዓት ብቻ... ልተኛ።"

መጣሁ፣ ጠብቂኝ አልኳት።

ስደርስ በሩ ገርበብ ብሏል። ቤቱ ጭጭ...

እህቴ ሶፋው ላይ አንድ እግሯን መሬት እንዳስነካች እንቅልፍ ጥሏታል። እንደ ሕፃን።

ላፕቶፑን አየሁ። ስም የሌለው መስመር... ቀይ።

እማዬ ክፍል ለመግባት ወኔ ከዳኝ። ነጥቡን ተጫንኩት።

አልተገናኘም።

ደግሜ ተጫንኩ። "ሰርቨሩ አልተገኘም" የሚል ጽሑፍ መጣ። ለሦስተኛ ጊዜ ልሞክር ስል ከውስጥ ድምፅ ሰማሁ።

ሳል አይደለም።

ሸርተት... ሸርተት... የነጠላ ጫማ ኮቴ።

እማዬ በእግሯ ከቆመች ዓመታት አልፈዋል።

በሩ ላይ ብቅ አለች። ብርድ ልብሷን በክንዷ ይዛለች። ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች።

"ቀስ በል... እህትህ ደክሟታል።"

በአጠገቤ አለፈች። ብርድ ልብሱን እህቴ ላይ ጣል አድርጋ ጎኗ ተቀመጠች፤ ፀጉሯንም ትደባብስ ጀመር።

ደረቷን አየሁት።

አይነሳም... አይወርድም።

እጇ ብቻ... ይደባብሳል፣ ይደባብሳል።