ስድስቱ በአንድ ጠብታ

«እህ?» አለችው ኬሚስቷ።

«ቆይ» አለ የብርሃን ባለሙያው፣ ዓይኑን ከማይክሮስኮፑ ሳይነቅል። ይህችን ቃል ስለሚያበዛ የላቦራቶሪው ሰው «አቶ ቆይ» ነው የሚለው።

ቆየች።

«አሁንም ተደበላልቋል።»

ሦስት ዓመት የለፉት ለዚህ ነበር። እሷ በዓይን የማይታዩ የብረት ቅንጣቶችን ትሠራለች፤ ስድስት ዓይነት ናቸው፤ እያንዳንዱ ከደም ውስጥ አንድ የበሽታ ምልክት ለይቶ ይይዛል። እሱ ብርሃን ያበራባቸዋል። ሁሉም ብርሃኑን በየራሳቸው ቀለም ይበትኑታል፤ የሚፈልጉትን ሲይዙ ደግሞ ቀለማቸው ፈቀቅ ይላል። በአንድ ጠብታ ደም ስድስት ምርመራ! ለየብቻ ሲሞከሩ እንከን አይወጣላቸውም። አንድ ላይ ሲሆኑ ግን እርስ በርስ ይጣበቁና ቀዩ ከቢጫው አይለይም።

«ቅንጣቶቹን አጥበሽ አልጨረስሽም መሰለኝ» አላት።

«ለምን ያንተ ሌንስ አይሆንም?»

ሌንሱን ይወለውል ጀመር።

ጠዋት ታላቅ እህቷ ደውላላት ነበር። እናታቸው ከሞተች ወዲህ ያሳደገቻት እሷ ናት። «ሚጣዬ፣ እኔ ሰፈር ያለው ፋርማሲ ሰው ይፈልጋል። ዛሬውኑ ቁርጡን ንገሪኝ። እስከ መቼ ከብናኝ ጋር ስትታገይ ትኖሪያለሽ?»

«እህቴ ሥራ አግኝታልኛለች» አለችው አሁን። «እሷ ያለችበት ከተማ።»

እጁ ቆመ። አንድ ጊዜ አያት፤ ዓይኑ ውስጥ የሆነ ነገር ብልጭ ብሎ ጠፋ። «አትሂጂ» ሊላት ነው ብላ ጠበቀች።

«ደሞዙ ጥሩ ነው?» አላት።

ደሟ ፈላ።

«አንተ ሰውዬ! ከአንድ ጠብታ ደም ስድስት ነገር ላውጣ ትላለህ፤ ካንተ አንድ ቃል ለማውጣት ግን ሰው ዕድሜውን ይጨርስ? ይከፋሃል? ደስ ይልሃል? ልሂድ? ልቅር? ምንህ ነኝ እኔ?»

«ሁሉንም ባንዴ ስትጠይቂኝ ይደበላለቅብኛል» አለ ቀስ ብሎ። «አንድ በአንድ።»

ልትስቅም ልታለቅስም ዳዳት።

«ብሄድ ይከፋሃል?»

«በጣም።»

«ልቅር?»

«ቅሪ።»

«ለምን?»

ጆሮው ድረስ ቀላ፤ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ ድምፅ ግን አልወጣውም። ጠበቀች፣ ጠበቀች፤ በመጨረሻ በንዴት ስልኳን አንስታ ደወለች።

«እትዬ፣ አልመጣም።»

«ተሳካላችሁ እንዴ?»

«ምን ይሳካል! ዛሬም ተደበላልቋል።»

«ታዲያ ምን ሊያደርግልሽ ነው የምትቀሪው?»

«እኔም አላውቅም። እሱን ጠይቂው!» ብላ ስልኩን እጁ ላይ ጣለችለት።

ስልኩን እንደ ትኩስ ድንጋይ ያዘው። የእህቷ ድምፅ ከዚያ ማዶ እስከ እሷ ድረስ ይሰማ ነበር፦ «ማነህ አንተ? እህቴን ምን ብለሃት ነው?»

«ምንም አላልኳትም፣ እትዬ» አለ እየተንተባተበ። «እወዳታለሁ።»

ኬሚስቷ የያዘችውን የናሙና መስታወት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ለእኔ ሳትነግረኝ?» አለች፤ እንባዋ ግን ቀድሟት ወርዶ ነበር።