አንድ መሳቢያ ለሁለት ቤት

«መጋረጃው ይቀየር! አሁን ጎረቤት ቤት ነን!» ብሎ ዳይሬክተሩ ሲጮህ፣ በድራማው የምትጫወተው ልጅ የምትናገረውን ለሃያኛ ጊዜ እያነበበች ነበር። አንዲት መስመር ብቻ ናት፤ «ቀለበቱን የሰረቅኩት እኔ ነኝ።» አልዋጥ አለቻት።

በየቀኑ እኩለ ቀን ላይ የሚታየው ተከታታይ ድራማ ስለ ሁለት ጎረቤታም ቤተሰቦች ነው። ሁለቱም የሚቀረጹት ግን አንዲት ክፍል ውስጥ ነው፤ ሰማያዊ መጋረጃ ሲሰቀል የልጅቷ ቤት፣ ቢጫ ሲሰቀል የጎረቤት ቤት። ወንበሩም መሳቢያውም ያው ነው። ድራማው ሦስት ወር እንኳ ሳይሞላው ተመልካች አጣ ተብሎ ሊቆም ነውና ዛሬ የመጨረሻው ክፍል ይቀረጻል።

ጣጣው የመጣው ከአምስት ሳምንት በፊት ነው። የዕቃ ኃላፊው መጋረጃውን ወደ ሰማያዊ ሲቀይር የጎረቤቷን ቀለበት ከመሳቢያው ማውጣት ረሳ። የልጅቷ እናት ሆና የምትጫወተው ተዋናይት መሳቢያውን ስትከፍት ቀለበቱን አይታ ክው አለች። ዳይሬክተሩ «እንዲህ ዓይነት ድንጋጤ በልምምድ አይገኝም!» ብሎ እንዳለ አስተላለፈው። ደራሲው በማግስቱ ሌባ ፈለገ፤ ልጅቷን አገኘ።

ከዚያ ወዲህ ትምህርት ቤት ሰላም የላትም። ክፍል ስትገባ «እስክሪብቶህን ያዝ፣ መጣች!» ይላሉ። መጀመሪያ እሷም አብራ ትስቅ ነበር። ባለፈው ሳምንት ግን የአንዷ ካልኩሌተር ሲጠፋ፣ መምህሩ የፈተሸው የእሷን ቦርሳ ብቻ ነው። ካልኩሌተሩ እዚያው በጠፋባት ልጅ ዴስክ ውስጥ ተገኘ፤ ይቅርታ ያላት ሰው ግን የለም። እንደዚያን ቀን ተዋርዳ አታውቅም።

«ጋሼ፣ ይህቺን አልልም» አለችው ዳይሬክተሩን።

«ለምን?»

«አልሰረቅኩማ! በስህተት እንደሆነ እርስዎም ያውቃሉ።»

«የኔ ልጅ፣ ድራማ እኮ ነው! ማን ከምሩ ይወስደዋል?»

«መምህራችን።»

ዳይሬክተሩ ሰዓቱን አየ። «ስሚኝ፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ክፍሉን እናስረክባለን። ደግመን መቅረጽ አንችልም። የተጻፈውን በይና በሰላም እንለያይ።»

የዕቃ ኃላፊው ቢጫውን መጋረጃ ሰቅሎ ሲወርድ አጠገቧ ቆመ። «የኔ ጦስ ላንቺ ተረፈ። ሥራዬን እንዳላጣ ፈርቼ ዝም አልኩ» አላት፣ ቀና ብሎ ሳያያት።

እሷም ፈርታለች። ትወና ነፍሷ ነው፤ ዛሬ ካበላሸች ዳግመኛ ማንም አይጠራትም።

«ቀረጻ!»

ጎረቤቷን የምትጫወተው አንጋፋ ተዋናይት እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ አፈጠጠችባት። «ተናገሪ እንጂ! ቀለበቴን ማን ወሰደው?»

«እኔ አልሰረቅኩም» አለች ልጅቷ።

ተዋናይቷ እጇን ከወገቧ አወረደች። ዳይሬክተሩ ግንባሩን ያዘ። ልጅቷ ወደ ካሜራው ዞረች፤ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ደገመችው።

«አልሰረቅኩም። ማንም አልሰረቀም።»

ድርሰቱ ከዚህ በኋላ እያለቀሰች ከቤት እንድትወጣ ያዛል። እሷ ግን ወንበር ስባ ተቀመጠች።