የአንዱዓለም የቀትር እንቅልፍ

መካኒኩ አንዱዓለም የተገኘው በቀይዋ መኪና ውስጥ፣ የሹፌሩን ወንበር ወደ ኋላ አስተኝቶ፣ እጆቹን ደረቱ ላይ አጣምሮ ነው። ፊቱ ቀላ ብሎ ጤነኛ ይመስል ስለነበር፣ መጀመሪያ ያየው የጋራዡ ረዳት ሙባረክ ትከሻውን ነቅነቅ አድርጎ «ተነስ እንጂ፣ አቧራው አልፏል» ብሎት ነበር። የመኪናዋ ቁልፍ እንደተከፈተ ነው፤ ቤንዚኗ ግን አልቆ ሞተሯ ጠፍቷል። ኮፈኑና ጣሪያው ላይ ጣት የሚቀብር አቧራ ተኝቷል።

ይህ የሆነው ማክሰኞ ዕለት፣ ጀሪፍ ሰፈር ውስጥ በስለሺ ጋራዥ ነው። ካርቱም ከጦርነቱ በፊት ገና ሙሉ ከተማ በነበረችበት በዚያ የመጨረሻ ሰኔ፣ ከቀኑ አስር ሰዓት ላይ ሀቡብ የሚሉት የአቧራ ማዕበል መጥቶ ቀኑን አጨልሞት ነበር። ፖሊስም ነገሩን ለመቋጨት ጊዜ አላጠፋም። በማዕበሉ ሰዓት የጋራዡ የላሜራ በር ወርዶ፣ ሞተር እየሠራ፣ ሰው በጭስ ታፍኖ ሞቷል። በሩን የሚያወርደውና የሚያነሳው ሙባረክ ነው፤ ከሟቹ ጋር ደግሞ በዚያው ሳምንት ተጣልተዋል። ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል? ሙባረክ ታሰረ።

ረቡዕ ጠዋት ሚስቱ ሬሕማ አርካዊት ሰፈር ወዳለው የወይዘሮ በቀለች ሱቅ መጣች። ወይዘሮ በቀለች ጎንደር ውስጥ አስራ ዘጠኝ ዓመት የመኪና አደጋ ሲመረምሩ ኖረው፣ አሁን መለዋወጫ የሚሸጡ ሴት ናቸው። ሰው ሲያወራ ዓይኑን ሳይሆን እጁን ያያሉ፤ ይህ ልማዳቸው ብዙ ደንበኛ አሽሽቶባቸዋል።

«እትዬ፣ ነገ ጠዋት ወደ ኒያባ ያሻግሩታል» አለች ሬሕማ። «ዓቃቤ ሕጉ እጅ ከገባ ማን ያወጣዋል? የመኖሪያ ወረቀቱም ጊዜው አልፏል። ወላሂ፣ በሩን እኔ አላወረድኩም ነው የሚለው።»

«በምን ነበር የተጣሉት?»

«መፍቻ ጠፋ ተባብለው። በማግስቱ እኮ አብረው ፉል በልተዋል።»

«ትናንት ቀትር ላይ የት ነበር?»

«ጡሉምባ፣ ቤንዚን ማደያው ሰልፍ ላይ። ስለሺ ጀሪካን አስይዞ በሰባት ሰዓት ላከው። ለአስር ሩብ ጉዳይ ሲሆን ቀድቶ ተነሳ፤ አቧራው መንገድ ላይ ያዘው። ሲደርስ በሩ ወርዷል፣ ድምፅ የለም። ዘግተው የሄዱ መስሎት ጎረቤት ጎማ ቤት ገብቶ ተቀመጠ። አቧራው ሲያልፍ ነው የከፈተው።»

ወይዘሮ በቀለች ወደ ባንኮኒው ዞሩ። ማክሰኞ ጠዋት አንዱዓለም እዚሁ ባንኮኒ ላይ ቆሞ ለቀይዋ መኪና አዲስ የአየር ፊልትሮ ገዝቶ ነበር፤ ቀዩን የፊልትሮ ዘይትም እዚሁ ቀብቶታል። እየቀባ «እትዬ፣ ካርቱም ውስጥ ጠንካራውን ፒስተን፣ ተቀጥቅጦ የሚሠራውን፣ የሚያስመጣ ሰው አለ?» ብሎ ጠየቃቸው። የለም ሲሉት «እኔም እንደሱ መስሎኝ ነበር» ብሎ ወጣ። ሳይቀልድ የሄደው በዚያ ቀን ብቻ ነው።

«ሱቁን ጠብቂልኝ» አሉና ነጠላቸውን አነሱ።

ጋራዡ ደጃፍ ላይ መርማሪው መቶ አለቃ፣ ሙላዚም በሽር፣ ሻይ ይዞ ቆሟል። በአንድ ሁለት አደጋዎች ላይ የሚያውቃቸው ሰው ነውና አልከለከላቸውም። የጋራዡ ባለቤት ስለሺ ካርቱም ውስጥ ሃያ ዓመት የኖረ፣ ስሙን በትንንሽ ባለ ቱርቦ መኪናዎች የገነባ ሰው ነው። ንጹሕ እጁን በጨርቅ ደጋግሞ ይጠርጋል።

«አስር ተኩል ላይ፣ አቧራው መሃል፣ መጥቼ በሩን አንኳኳሁ» አለ። «አንዱዓለም ከውስጥ ሆኖ ‹አቧራ እንዳይገባ ነው የተዘጋው፣ ሞተሩን እየፈተሽኩ ነው› አለኝ። ምነው ያን ጊዜ በሩን ባነሳሁት፣ እትዬ።»

«ሞተሩ ሲሠራ ሰምተሃል?»

«በጆሮዬ። የጭስ ማውጫዋ ማርሚታ ክፍት ስለሆነ ድምፁ አይጠፋም።»

«አስር ተኩል መሆኑን በምን አወቅህ?»

«ስልኬን አይቻለሁ።»

«ጥሩ አድርገሃል» አሉና ወደ መኪናዋ ሄዱ።

የላሜራው በር ከወለሉ ጋር በደንብ አይገጥምም። በስንጥቁ የገባው አቧራ መፍቻዎቹን ሳይቀር ቀብሯል። ወይዘሮ በቀለች ኮፈኑን ከፍተው፣ ፊልትሮውን ፈትተው፣ ነጭ መሐረብ አሳረፉበት። መሐረቡን ለረጅም ጊዜ ካዩት በኋላ ፊልትሮውን በጋዜጣ ጠቅልለው በሽርን ፊርማውን እንዲያኖርበት ለመኑት። ቀጥለው አንድ ካንዴላ ፈቱና በቀዳዳው የጋራዡን ባለ ገመድ ትንሽ ካሜራ አስገብተው ወደ ሞተሩ ሆድ ተመለከቱ። ስለሺ ይሄን ጊዜ ጨርቁን ጣለው።

የመኪናዋ ባለቤት አብራር የምትባል የጥርስ ሐኪም ናት፤ ሬሕማ የምትሠራውም አል-ጣኢፍ ሰፈር እነሱ ቤት ነው። የቤታቸው ደረጃ ላይ ተቀምጣ አገኟት።

«አንዱዓለም ከምሳ በኋላ መብራት ሲጠፋ መኪናዬ ውስጥ ነበር የሚተኛው» አለች። «ሞተሩን አስነስቶ፣ ማቀዝቀዣውን ከፍቶ። ስቆጣው ‹ቆማ ሞተሯ ሲሠራ እንዴት እንደምትሆን እየመዘገብኩ ነው› ይለኛል። ግን ጠንቃቃ ነበር፣ ኻልቲ። ሁልጊዜ ጀርባዋን ለመንገዱ ሰጥቶ፣ በሩን ወለል አድርጎ ነው። ጭሱን የሚያጣራውን ካታላይዘር ያስወጣሁት እኔ ነኝ። ጉልበት እንድትጨምር ብዬ።»

«ማክሰኞ ደውሎልሽ ነበር?»

«ስድስት ሰዓት ላይ። ‹አስራ አንድ ሰዓት ነይ፣ ሞተሩ ውስጥ የማሳይሽ ነገር አለ፤ የቱርቦውን ግፊት አልጨምርም› አለኝ። የመጀመሪያው ሞተር ፒስተኑ ተሰንጥቆ ነው የሞተብኝ። ስለሺ ጠንካራውን አስገባሁልሽ ብሎ ፎቶ ልኮልኛል።»

ፎቶውን አሳየቻቸው። የፒስተኖቹ አናት በጥልቀት የተቦረቦረ ነው።

አመሻሽ ላይ ሁሉም ጋራዡ ውስጥ ተሰበሰቡ። በሽር፣ ሻዩን እንደያዘ፣ ሙባረክን በካቴና አምጥቶታል፤ ሬሕማ በሩ ላይ ቆማለች፣ አብራር ከመኪናዋ ራቅ ብላለች። ወይዘሮ በቀለች አንድ ጊዜ በአማርኛ አንድ ጊዜ በአረብኛ እያሉ ጀመሩ።

«ሙላዚም፣ ሙባረክን የያዝከው ሞቱ የደረሰው በአቧራው ሰዓት ነው ብለህ ነው። ይህን ደግሞ የነገረህ ስለሺ ነው። አስር ተኩል ላይ ሞተሩ ይሠራ ነበር አለህ።»

«አዎ።»

«መኪና በአፍንጫዋ ትተነፍሳለች፤ አፍንጫዋ ይሄ ነው።» ጋዜጣውን ገለጡት። ፊልትሮው ማክሰኞ ጠዋት ከሱቁ እንደወጣ ቀይ ነው፣ ዘይቱ ያብለጨልጫል። «በዘይት የተነከረ ፊልትሮ አቧራ ሲስብ ጭቃ ይሆናል። ኮፈኑን እይ፣ ወለሉን እይ። ይህ ሞተር በአቧራው ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ አልተነፈሰም። አቧራው ከመምጣቱ በፊት ቤንዚኑ አልቆ ጠፍቷል።»

«ሙባረክ አጽድቶት ይሆናል» አለ ስለሺ። «ከሀቡብ በኋላ መጀመሪያ የምናጸዳው ፊልትሮ ነው።»

«ደረቅ ፊልትሮ ይራገፋል። ይሄ በሳሙና ታጥቦ፣ አንድ ቀን ሙሉ ደርቆ፣ እንደገና ይቀባል። ፖሊስ የደረሰው ሙባረክ በጮኸ በሩብ ሰዓት ነው። በምን ዘይትስ ይቀባው? አንዱዓለም ጠርሙሱን ሱቄ ረስቶት ሄዷል።»

በሽር ሻዩን መሬት ላይ አስቀመጠ።

«እሺ፣ ከአስር ሰዓት በፊት ከሆነ በሩን ማን አወረደው? መብራት የለም፣ ሙቀቱ አርባ አራት ነው፣ አቧራ ገና አልመጣም። በዚያ ሰዓት በሩን በራሱ ላይ የሚዘጋ ሰው የለም፤ አንዱዓለም ደግሞ ጭሱ ወዴት እንደሚሄድ ሳያይ አይተኛም። ሙባረክ ከሰባት ሰዓት ጀምሮ ሰልፍ ላይ ነው። የቤንዚን ወረቀቱን ከኪሱ አውጣው፤ የጡሉምባው ሰው የቀዳበትን ሰዓት ጽፎበታል።»

በሽር ወረቀቱን አወጣና በዝግታ አነበበው። «ለአስር ሩብ ጉዳይ» አለ።

«ሰልፍ የላከው ማን ነው? ስለሺ። ተኝቶ የነበረውን ሰው የሚፈራውስ ማን ነው? ሞተሩን አይቼዋለሁ፣ አብራር። የፒስተኖቹ አናት ለጥ ያለ ነው፤ ፎቶ ላይ ያሉት አይደሉም። ከወደቀ መኪና የወጡ ተራ ፒስተኖች ናቸው። ግፊቱ ቢጨመር ሳምንት አይቆዩም። አንዱዓለም ይህን አውቆ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ሊነግርሽ ነበር።» ወደ ስለሺ ዞሩ። «ስትጀምር ሐሳብህ በሩን መልሰህ ለማንሳት ነበር። ሀቡቡ ሲመጣ ግን በሩ የተዘጋበትን ምክንያት በነጻ ሰጠህ። እንደወረደ ተውከው። ባትናገር ኖሮ ምናልባት እኔም አላገኝህም ነበር፤ አንተ ግን የሞተሩን ድምፅ ጨመርክበት።»

ስለሺ እጆቹን አየ። ጨርቁ አልነበረም።

«ሃያ ዓመት ስሜን ሠርቼ» አለ በዝግታ። «በአንድ ቀን ሊያጠፋው። ለመንኩት። ‹ነገ እንነጋገር› ስለው ‹ሞተሩ መንገድ ላይ ቢፈርስ ልጅቷ ትሞትበታለች› አለኝና ተኛ። እጄን አላነሳሁበትም፣ እትዬ። በሩን ብቻ ነው ያወረድኩት።»

«ከዚያስ?»

«ውጭ ጎማ ላይ ተቀመጥኩ።»

«እስከ መቼ?»

«ሞተሩ እስኪጠፋ።»

አብራር ፊቷን በሻርፗ ሸፈነች። በሽር ካቴናውን ከሙባረክ እጅ ፈታ፤ «ኸላስ፣ ያላ፣ እንሂድ» ብሎ ስለሺን ይዞት ወጣ። ሬሕማ የባሏን አንጓ ይዛ ካቴናው የቆረጠውን ቦታ ታሸው ጀመር፣ እያለቀሰች።

ወደ ኋላ የቀረው ወታደር ጋራዡ እንዲታሸግ ታዟልና ሙባረክን በሩን እንዲያወርድ ነገረው፤ ስልቱን የሚያውቀው እሱ ነው። ሙባረክ በሩ ሥር ቆሞ እጁን ወደ ላይ ሰደደ፣ መልሶም አወረደው። ወደ ውስጥ ገባ። የመኪናዋን አራት በሮች አንድ በአንድ ከፍቶ አየ፤ የኋላውን ወንበር በእጁ ዳሰሰ፤ ጎንበስ ብሎ ከሥሯ ተመለከተ። ከጠረጴዛው ጀርባም ሄደ።

«ማንም የለም እኮ» አለው ወታደሩ።

«አውቃለሁ» አለ ሙባረክ፤ እንደገና ከመጀመሪያው በር ጀመረ።