አባ ዝምታ ማይክ የጠየቀ ዕለት

ሰውዬው የሞተው «ሄሎ» ሊል አፉን ሲከፍት ነው።

ረቡዕ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ፣ በአዳራሹ መድረክ ለማታው ዝግጅት ድምፅ ሲሞከር፣ ቤዝ ጊታሩን አንገቱ ላይ አጠለቀ፤ ግራ እጁን ክሮቹ ላይ አሳረፈና ወደ ማይኩ ጠጋ አለ። ከንፈሩ የማይኩን ብረት ሲነካ አንዴ ተንዘፈዘፈ፤ ከነጊታሩ ወደ ኋላው ተዘረረ። ሃያ ዓመት በየመድረኩ ጥግ ቆሞ ሲጫወት ለሕዝብ አንዲት ቃል ሲናገር የሰማው የለም። «አባ ዝምታ» ያሉትም ለዚሁ ነው። የመጀመሪያዋ ቃል አፉ ውስጥ እንዳለች ቀረች።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሳጅኑ ወደዚያ አዳራሽ ሲላክ ገዳይ ፈልግ ተብሎ አይደለም፤ ፊርማ ሰብስብ ተብሎ ነው።

«ምስክሮቹን አስፈርምና ቶሎ ተመለስ» አለው ኢንስፔክተሩ፣ ዓይኑን ከስልኩ ሳይነቅል። ዕድሜው ለሳጅኑ ልጅ ይሆናል፤ ግን «አንተ» ይለዋል። «ነገሩ ያለቀለት ነው። የአዳራሹ ኤሌክትሪሻን ቅዳሜ ዕለት የአምፕሊፋየሩን ስፒና ቀየረ፣ ሽቦውን አዘዋውሮ አሰረ፣ ሰው ገደለ። ቸልተኝነት ነው። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መዝገቡ ለዓቃቤ ሕግ ይሄዳል።»

«እሺ ጌታዬ» አለ ሳጅኑ። ይህችን ቃል ሃያ ስድስት ዓመት ብሏታል። እሱ የደረሰበትን ነገር ሌላው ይጽፈዋል፤ ማዕረጉ ለጻፈው ይሰጣል።

በጣቢያው በር ላይ የታሰረው ኤሌክትሪሻን ሚስት ምሳ ዕቃዋን አቅፋ ቆማለች። ከጠዋት ጀምሮ አልተንቀሳቀሰችም።

«ጋሼ፣ ዛሬ ይለቁታል አይደል?»

ሳጅኑ የምሳ ዕቃውን ክዳን እያየ «እስቲ» ብሎ አለፈ። መዝገቡ አንዴ ከወጣ ሰውዬው በቀላሉ እንደማይመለስ ያውቃል። ዘመድ የሌለው ሰው መዝገብ እንዴት እንደሚሮጥ ብዙ ጊዜ አይቷል።

አዳራሹ በቀን ብርሃን ሲያዩት ያስፈራል። ወንበሮቹ ጠረጴዛ ላይ ተገልብጠዋል፤ የትናንት ጭስ መጋረጃው ላይ ተጣብቋል። በሩ በፖሊስ ታሽጎ ስላደረ ዕቃው ሁሉ እንዳለ ነው። ቤዝ ጊታሩም ሰውዬው በወደቀበት ቦታ ተንጋሎ ክሮቹ ያብለጨልጫሉ።

ሳጅኑ አጠገቡ ተንበረከከ። ወጣት ሳለ በፖሊስ ኦርኬስትራ ውስጥ አራት ዓመት ቤዝ ተጫውቷል፣ በጆሮው። በኋላ የተማረ አለቃ መጣና ኖታ ፊቱ ዘረጋለት። ዝም ሲል «ማንበብ ካልቻልክ በር ጠብቅ» አለው፣ ሠላሳ ሰው እየሰማ። ጊታሩን ቀምተውት ጠመንጃ ሰጡት። ጆሮውን ግን ማንም አልቀማውም።

ከጠበቁት ሦስት ሰዎች መካከል መጀመሪያ የሙዚቃ መሣሪያ ጠጋኙን ጠራው። ጠጋኙ ጣቶቹ በብየዳ የተለበለቡ፣ ቀጭን ሰው ነው። ከአባ ዝምታ በፊት የዚህ ባንድ ቤዝ ተጫዋች እሱ ነበር፤ ከስድስት ዓመት በፊት በሰው ፊት አባረውታል።

«ይሄን ክር አንተ ነህ የቀየርከው?»

«እኔ?» ጠጋኙ ሳቅ ብሎ ጎንበስ አለ። «ሳጅን፣ አባ ዝምታ ቤቱን ቢቀይር ይቀይራል እንጂ ክሩን አይቀይርም። ሰባት ዓመት ያው አንድ ክር ነው። ጥቁር፣ በናይለን የተሸፈነ። ‹ሰውዬ፣ ክርህ ሞቷል፣ ቅበረው› ስለው ‹ለኔ ይበቃል› ይለኛል።»

«ታዲያ ይሄ ጥቁር ነው?»

ሳቁ ከጠጋኙ ፊት ቀስ እያለ ወረደ። «ይሄ... ይሄ ራቁቱን ብረት ነው። አዲስ።»

«በናይለን የተሸፈነ ክር ኮረንቲ ያሳልፋል?»

«አያሳልፍም።» ጎንበስ ካለበት ቀና አለ። «ሳጅን፣ እንዲህ ዓይነት ክር እኔም ሱቅ ይሸጣል። ትናንት አራት ሰዓት ላይ ገመድ ላደርስ መጥቼ ብቻዬን ገብቻለሁ። ሰው ምን እንደሚል ይገባኛል።»

«አንተ ክር ስትቀይር በምን ትቃኘዋለህ?»

ጠጋኙ ከኪሱ ክብሪት የምታክል ዕቃ አወጣ። «በዚህች። ድምፁን ሰምታ ልክ ሲሆን አረንጓዴ ታበራለች። ያለሷ ክር አልነካም።»

ሳጅኑ ተቀበለውና ኪሱ ከተተው። ጠጋኙ ሲወጣ አራቱን ክሮች በተራ በአውራ ጣቱ መታቸው፤ ጆሮውን አስጠጋ። ደግሞ መታቸው። ፊቱ ተኮሳተረ።

ድምፃዊቷን ያገኛት መኳኳያ ክፍል ነው። መስታወቱን ከከበቡት አምፖሎች ግማሾቹ ተቃጥለዋል።

«ቤዝ ተጫዋች ማይክ ምን ያደርግለታል፣ እህቴ?»

«እሱ ጠይቆ ነው ጋሼ። ሰኞ፣ ልምምድ ላይ። ‹ረቡዕ ለሕዝቡ የምናገረው አለኝ› ሲል ሁላችንም ደነገጥን። የባንዱ ሊደር ብቻ አልደነገጠም፤ ‹ይቆምልሃል› አለው። ማይኩንም በእጁ ያቆመው እሱ ነው።»

«ምን ሊናገር ነበር?»

በሩን አየችና ድምፅዋን ቀነሰች። «ዜማዎቹ የሱ ናቸው፤ አንድም ሳይቀር። ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ ያንጎራጉራል፣ ሊደሩ በኪቦርድ ይይዛትና ወረቀት ላይ ይጽፋታል። አዲሱ አልበም ሲወጣ በዜማ ደራሲነት የወጣው ወረቀት ላይ የጻፈው ሰው ስም ብቻ ነው።»

«አንቺስ ለምን ዝም አልሽ?»

«ሊደሩ እኔንም ይዞኛል» አለች። «ድምፄ ወርዷል፣ ጋሼ። ድሮ የምወጣበት አልወጣም። እሱ ኪቦርዱ ላይ አንድ ቁልፍ ተጫነና ሁሉንም ግማሽ ድምፅ ዝቅ አደረገልኝ። ዓመት ሆነው፤ ሰው አያውቅም። ባኮረፍኩ ቁጥር ‹ልመልሰው?› ይለኛል።»

«አባ ዝምታስ ክሩን ዝቅ አድርጎ ይቃኝ ነበር?»

«ኧረ እሱ ክሩን አይነካም። ጣቱን ብቻ ዝቅ ያደርጋል። ‹ክሩ ባለበት ይቀመጥ፣ የምሄደው እኔ ነኝ› ይል ነበር።»

ሳጅኑ ማስታወሻ ሊጽፍ ብዕሩን አነሳና ተወው።

ሊደሩ ኪቦርዱ አጠገብ እግሩን አነባብሮ ተቀምጧል። ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ንግግሩ የተማሪ ቤት አስተማሪ ነው።

«ሙዚቃ ታውቃለህ?» አለ፣ ሳጅኑ ሳይቀመጥ።

«እኔ የት ተምሬ ጌታዬ።»

«እንግዲያው በቀላሉ ላስረዳህ። ይሄ የኤሌክትሪክ ጉዳይ እንጂ የሙዚቃ ጉዳይ አይደለም።»

«እውነትዎን ነው። ይሄ ኪቦርድ ግን ግሩም ዕቃ ይመስላል። እዚሁ ነው የሚያድረው?»

«እዚህ? ከቤቴ በጀርባዬ አመጣዋለሁ፣ በጀርባዬ እመልሰዋለሁ። ሣጥኑ ቁልፍ አለው። ባለቤቴም አቧራ አትጠርግለትም።»

«ትናንትስ?»

«ስድስት ሰዓት ላይ ይዤው ገባሁ። ሰውዬው እስኪሞት ከአጠገቡ አልራቅሁም። ሌላ ጥያቄ?»

«የለኝም ጌታዬ። እዚህ ጋ ይፈርሙልኝ።»

በሩ ላይ ዘበኛውን ጠየቀው። ጠጋኙ አራት ሰዓት ላይ ገብቶ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ወጥቷል። ሊደሩ ስድስት ላይ ከነሣጥኑ ገባ፤ ከዚያ አልወጣም። ድምፃዊቷ ዘጠኝ ላይ፣ አባ ዝምታ አሥር ሊሆን ሲል ባዶ እጁን፤ ጊታሩ ከሰኞ ልምምድ ጀምሮ እዚሁ ነው ያደረው። ማክሰኞ አዳራሹ ዝግ ነበር፤ ሌላ ዝር ያለ የለም።

ስልኩ ጮኸ። «የት ጠፋህ?» አለ ኢንስፔክተሩ።

«አንዱ አልፈርም ብሎኝ ነው ጌታዬ። የተማረ ሰው ነው፤ እርስዎን ቢያይ ይሻላል።»

ኢንስፔክተሩ ሲደርስ ለአሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ ነው። ሁለት ፖሊሶች አስከትሏል። ሰዎቹ መድረኩ ላይ ተሰበሰቡ፤ አንዳቸው የሌላቸውን ዓይን አያዩም።

«የቱ ነው አልፈርም ያለው?»

«እኔ ነኝ ጌታዬ» አለ ሳጅኑ። «አምስት ደቂቃ ይስጡኝ።»

ኢንስፔክተሩ ሊቆጣ አፉን ከፈተ፤ ሳጅኑ ግን ጊታሩን አንስቶ አንገቱ ላይ አጥልቆ ነበር። አያያዙ የፖሊስ አልነበረም።

«የሟቹ ክር ጥቁር፣ ናይለን የለበሰ ነው። በዚያ ክር ጣቱን ኮረንቲ አያገኘውም። ትናንት ግን አንድ ሰው ያንን አውጥቶ ራቁት ብረት አስገባ። ከአምፕሊፋየሩ የመጣው ኮረንቲ በገመዱ ወደ ጊታሩ፣ በክሩ ወደ እጁ፣ በአፉ በኩል ወደ ማይኩ ሄደ። ኤሌክትሪሻን የጊታር ክር ምን ይፈይድለታል?»

«ሽቦውን እሱ አበላሽቶ ሌላው ተጠቅሞበትስ እንደሆን?» አለ ኢንስፔክተሩ።

ድምፃዊቷ ከኋላ ተናገረች። «ስፒናው ቅዳሜ ነው የተቀየረው። ሰኞ አምፕሊፋየሩ እየሠራ ብረቱን ተደግፌ በባዶ እግሬ ማይክ ይዤ ስዘፍን ውያለሁ። ምንም አልነዘረኝም።»

«ሽቦው የተነካካው ከሰኞ በኋላ ነው ማለት ነው» አለ ሳጅኑ። «ክሩን የቀየረው ሰው ነው የነካካው። አባ ዝምታ ቸኩሎ ሲያነሳው የክሩን ቀለም ባያይ እንኳ፣ ላልቶ ቢያገኘው ያውቅበታል። ስለዚህ ቃኘው። አሁን ስሙ።»

ወፍራሙን ክር መታ። ድምፁ ባዶው አዳራሽ ውስጥ ተንከባለለ። የጠጋኙን መቃኛ ጊታሩ አናት ላይ ሰካው፤ ቀይ በራ። ሁለተኛውን መታ፣ ቀይ። ሦስተኛውን፣ አራተኛውን፣ ቀይ።

«ግማሽ ድምፅ ዝቅ ብሏል። አራቱም።»

«አዲስ ክር ይላላል» አለ ሊደሩ በእርጋታ። «ይሄ ማንም ጀማሪ የሚያውቀው ነው።»

«ይላላል» አለ ጠጋኙ። «ግን ወፍራሙ በራሱ፣ ቀጭኑ በራሱ ነው። አራቱ ተማክረው እኩል አይወርዱም።»

ሳጅኑ ወደ ኪቦርዱ ዞረ። «ጌታዬ፣ ያብሩትና የወፍራሙን ክር ድምፅ ይጫኑልኝ።»

ሊደሩ አልተነሳም። ድምፃዊቷ ሄዳ አበራችው፤ ጣቷን አኖረች። ሳጅኑ ክሩን መታ። ሁለቱ ድምፆች አንድ ሆኑ።

«አሁን ያቺን ዝቅ የምታደርገውን ቁልፍ አጥፊያት።»

እጇ ቁልፏ ላይ ቆየ። ካጠፋቻት ምስጢሯ ለሁሉም ይገለጣል። አጠፋቻት። እንደገና ተጫነች፣ ሳጅኑም እንደገና መታ፤ በዚህ ጊዜ ሁለቱ ድምፆች ተፋጩ። ጠጋኙ ፊቱን አጨማደደ።

«በመቃኛ የቃኘ ሰው ልክ ያደርገው ነበር» አለ ሳጅኑ። «ይሄን የቃኘው ድምፁን ከዚህ ኪቦርድ የወሰደ ሰው ነው። ቁልፏ ዓመት ሙሉ ስለተጫነች መኖሯን ረስቷል። ጠጋኙ በገባበት ሰዓት ኪቦርዱ እዚህ አልነበረም። እህታችን ስትገባ ባለቤቱ አጠገቡ ነበረ። ከስድስት እስከ ዘጠኝ ኪቦርዱ ከማን ጋር እንደነበር እሳቸው ራሳቸው ነግረውኛል። ፈርመውበታል።»

ሊደሩ እግሩን ካነባበረበት አወረደ።

«በሩ ታሽጎ ነው ያደረው» አለ ሳጅኑ። «ሣጥኑን ይክፈቱልን።»

ቁልፉን አልሰጥም አለ። አንደኛው ፖሊስ በግድ ከፈተው። ከገመዶቹ ሥር፣ በጋዜጣ ተጠቅልለው፣ አራት ጥቁር ክሮች ወጡ፤ ሰባት ዓመት የሰው ጣት ያሻቸው ቦታ ላይ ናይለኑ ሳስቷል።

«የጻፍኩት እኔ ነኝ» አለ ሊደሩ፣ ለማንም ሳይሆን ወለሉን እያየ። «እሱ ማጉረምረም እንጂ አንዲት ኖታ አያውቅም። እኔ ባልጽፈው አየር ላይ ነበር የሚቀረው።»

«ቢቀር ሰውዬው በሕይወት ነበር» አለ ሳጅኑ፤ ጊታሩን ከአንገቱ አውልቆ ቀስ ብሎ አስቀመጠው።

ኢንስፔክተሩ ጉሮሮውን ጠረገ። «በጎ ነው። ሪፖርቱን እኔ አዘጋጀዋለሁ። አንተ ሂድና ሰውዬውን ልቀቀው።»

«እሺ ጌታዬ።»

ጣቢያው ሲደርስ መሽቶ ነበር። የኤሌክትሪሻኑን ክፍል ሲከፍት ሰውዬው ጥግ ላይ ተቀምጦ መዳፎቹን አገላብጦ እያየ ነው።

«ተነስ፣ ሚስትህ በር ላይ ናት።»

«ወዴት ሊወስዱኝ ነው ጋሼ?»

«ቤትህ። አንተ አይደለህም የገደልከው። ያሰርከው ሽቦ ልክ ነበር፤ በኋላ ሌላ ሰው ነው የነካካው።»

ኤሌክትሪሻኑ አልተነሳም። ዓይኑ እንባ ሞላ፣ ግን ደስ ያለው አይመስልም።

«ጠዋት ፈርሜያለሁ እኮ» አለ። «ኢንስፔክተሩ ጽፈው አመጡልኝ። አረንጓዴውን ሽቦ በቀዩ ቦታ እንዳሰርኩ፣ ቸኩዬ እንደነበር፣ ሁሉም አለ። እኔ ትዝ አይለኝም ነበር።»

«ታዲያ ለምን ፈረምክ?»

«ሳነበው እውነት መሰለኝ፣ ጋሼ። በጣም ጥሩ ተደርጎ ነው የተጻፈው።»